«ምስሉ ተበላሽቷል» ሲባል ምን ተባለ?

ጥያቄ፦ እናቴ ዛሬም የምታየው ከጀርባው ገፋ ያለውን የድሮ ቴሌቪዥን ነው። ለጥገና ባለሙያ ደውዬ «ምስሉ ተበላሽቷል» ስለው «እንዴት ሆኖ?» አለኝ። «ይንቀጠቀጣል» አልኩት። እናቴ ከጎኔ ሆና «ይርገበገባል እንጂ መቼ ተንቀጠቀጠ!» ብላ አረመችኝ። ቃላቱ ልዩነት አላቸው? ደግሞስ «አልበራም አለ» ነው የሚባለው ወይስ «አይበራም»? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ልዩነት አላቸው፤ እናትዎ ያነሡትም ቁም ነገር ነው። የሚንቀጠቀጥ ነገር ከቦታው ይነቃነቃል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ምድር ትንቀጠቀጣለች። መብራት ግን ይርገበገባል፤ ቦታውን ሳይለቅ ይደምቃል፣ ይደክማል። እንደ እናትዎ ያለው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን፣ ማለትም ምስሉ በትልቅ የመስታወት ቱቦ ፊት ላይ የሚሣልበት፣ ደግሞ ሥራው ልክ በዚህ መንገድ የተከፈለ ነው። በቱቦው አንገት በኩል የሚወጣ የኤሌክትሮን ጨረር በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ የተቀባውን ፎስፈር እየመታ ያበራዋል። በአንገቱ ዙሪያ የተጠመጠሙት የሽቦ ጥቅልሎች ጨረሩን ከጎን ወደ ጎንና ከላይ ወደ ታች ይመሩታል፤ በአገራችን በተሠራበት ሥርዓት አንድ ሙሉ ምስል በ625 መስመሮች ይሣላል፣ በሰከንድ 25 ምስል። የጨረሩ ጉልበት ከፍ ዝቅ ሲል ምስሉ ይርገበገባል፤ የጨረሩ አቅጣጫ ሲናወጥ ይንቀጠቀጣል። እርስዎ አንዱን ብለው ነገሩ ሌላው ከሆነ፣ ባለሙያው የሚጠረጥረው የተሳሳተውን ክፍል ነው።

ስለዚህ ግሱን ከመምረጥዎ በፊት የታወከው ብርሃኑ ነው ወይስ ቦታው ብለው ይመልከቱ። «ፈዘዘ»ንና «ደበዘዘ»ንም ሰው እያቀያየረ ይጠቀምባቸዋል፤ በእኔ አስተያየት እዚህ ላይ ቢለዩ ይሻላል። ምስሉ ሁሉ እየታየ ብርሃኑ ከደከመ፣ በተለይም ከበራ በኋላ ለመድመቅ ብዙ ከቆየ፣ «ፈዘዘ» ይበሉ፤ ቱቦው ማርጀቱን ይጠቁማል። ብርሃኑ ደኅና ሆኖ የፊደላት ጠርዝ ከጠፋ «ደበዘዘ» ነው፤ ይህ የጨረሩ ጥራት መስተካከል እንዳለበት ያመለክታል።

እጅግ የሚያሳዝነኝ «ምስሉ አነሰ» የሚለው አነጋገር ነው። አማርኛ ለዚህ ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት። ከግራና ከቀኝ ጥቁር ከተወ ምስሉ ጠበበ፤ ከላይና ከታች ከተወ አጠረ። የጠበበው ወደ ኃይል አቅርቦቱ ወይም ወደ አግድም መሪው ክፍል ያመራል፤ ያጠረው ወደ ቁም መሪው። ማጠሩ ከከፋም ምስሉ ሁሉ ተጨምቆ በመካከል አንድ ደማቅ አግድም መስመር ብቻ ይቀራል። እንዲህ ሲሆን ቴሌቪዥኑን ቶሎ ያጥፉት፤ ጨረሩ አንዱን ቦታ ብቻ እየመታ ፎስፈሩን ያቃጥለዋል። ምስሉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እየሮጠ ካለፈ «ይንከባለላል»፣ ቀይና ሰማያዊው በየጠርዙ ከተለያዩ «ቀለማቱ ተዛንፈዋል» ይበሉ።

አንድ ቃል ግን አደራ እላለሁ፤ «ከፈትኩት»። በቤታችን ቴሌቪዥን መክፈት ማብራት ነው። ለጥገና ባለሙያ ግን ከፈተ ማለት ብሎኖቹን ፈትቶ ሽፋኑን አነሣ ማለት ነው። በስልክ «ክፈተውና ንገረኝ» ሲባል የሚሰማ ሰው መፍቻ ቢያነሣ አይፈረድበትም፤ አደጋው ግን የሞት ነው። በባለ ቀለም ቱቦ ላይ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይደርሳል፤ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ቱቦው ክምችቱን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሁለታችሁም «ማብራት» በሉ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚነግሩት ግን አንድ አይደለም። «አይበራም» ያለበትን ሁኔታ ብቻ ይገልጻል። «አልበራም አለ» ግን ሰው መሞከሩን፣ መሣሪያውም እንቢ ማለቱን ይጨምራል። ግሱ በመጀመሪያ መደብ የቆመው ግዑዙን እንደ ተናጋሪ ስለምንቆጥረው ነው፤ «በሩ አልከፈት አለ»፣ «እንጨቱ አልነድ አለ» እንደምንለው። በጽሑፍ «አልበራ አለ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ «አልበራም» ለብቻው «ሳይበራ ቀረ» ተብሎም ሊነበብ ይችላልና።

ለባለሙያው ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው ግን ጊዜን የሚያሳየው የግስ አገባብ ነው። «በርቶ ጠፋ» አንድ ጊዜ የሆነ ነው፤ «እየበራ ይጠፋል» ተደጋጋሚ ነው፤ ይህም መሣሪያው ከጉዳት ለመዳን ራሱን እያጠፋ እንደሆነ ያስጠረጥራል። «ሲበራ ይንቀጠቀጥና ሲሞቅ ይረጋጋል» ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የደረቁ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ትንንሽ ክፍሎች) ናቸው። «ደኅና ቆይቶ ሲሞቅ ይጀምረዋል» ከሆነ ደግሞ የተሰነጠቀ ብየዳ መፈለግ ይገባል። ስለዚህ ዳግም ሲደውሉ እናትዎን አጠገብዎ ያስቀምጡና እንዲህ ይበሉ፦ «ምስሉ ቦታውን አይለቅም፤ ከበራ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ይርገበገባል»፤ ወይም እሳቸው ያዩትን በእነዚሁ ቃላት።