ሲሊንደሩ በረዶ ሰርቶ እሳቱ ሲደክም

ጥያቄው ቁርስ ቤት ካላት እህት ነው፣ ባጭሩ እንዲህ ትላለች፦ «12.5 ኪሎ የቡታጋዝ ሲሊንደር ነው የምጠቀመው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ትልቁን ምድጃ ለፉል ስለኩሰው መጀመሪያ ጥሩ ይነዳል፣ ሰዓት ሳይሞላ ግን እሳቱ እየደከመ ይሄዳል፣ ሲሊንደሩ ከታች ያልበዋል፣ አንዳንዴም በረዶ ይሰራል። ሳነቃንቀው ውስጡ ፈሳሽ ይንቦጫረቃል። አከፋፋዩ አልቋል ቀይሪው ይለኛል፣ የሚያግዘኝ ልጅ ደግሞ ገልብጦ ያስቀምጠውና እሳቱ ይበረታለታል። ማን ነው ልክ?»

እህቴ ሁለቱም ልክ አይደሉም። ጋዝሽ አላለቀም፣ ግን ልጁ የሚያደርገው ነገር በጣም አደገኛ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ሲሊንደር ሲገለበጥ ወደ ሬጉሌተሩ (ሲሊንደሩ አፍ ላይ ወዳለው ግፊት መቀነሻ) የሚሄደው ጋዙ ሳይሆን ፈሳሹ ነው። ያ ፈሳሽ ጋዝ ሲሆን ከ200 እጥፍ በላይ ይሰፋል፣ ሬጉሌተሩ ለዛ አልተሰራም፣ ስለዚህ ምድጃው ላይ ድንገት ሰው የሚያቃጥል ነበልባል ሊወጣ ይችላል። በረታ ብሎ ደስ የሚለው ይሄው ነው እንግዲህ። ዛሬውኑ ይተው።

ወደ ዋናው ስንመጣ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ከታች ፈሳሽ ከላይ ደግሞ ጋዝ ነው ያለው፣ ምድጃሽ ሚያነደው የላዩን ብቻ ነው። የላዩ ሲወጣ ፈሳሹ እየፈላ ይተካዋል፣ አዎ ይፈላል፣ ግን ከስሩ እሳት ስለሌለ ለመፍላት ሚያስፈልገውን ሙቀት ከራሱ፣ ከብረቱና በዙሪያው ካለው አየር ነው ሚወስደው። የቤት ምድጃ ሲሆን አየሩ ስለሚበቃው ማንም ልብ አይለውም። ትልቅ ምድጃ ግን በሰዓት ወደ 1 ኪሎ ጋዝ ሊበላ ይችላል፣ ሲሊንደሩ ግማሽ ከደረሰ ያንን 1 ኪሎ ወደ ጋዝ ለመቀየር የሚሄደው ሙቀት ከውጭ ምንም ባይተካ የቀረውን ፈሳሽና ብረቱን ከ15 ዲግሪ በላይ ያቀዘቅዘዋል። ታኅሣሥ ጠዋት ላይ ወጥ ቤትሽ ራሱ 10 ዲግሪ ከሆነ ዜሮ ጋ ለመድረስ ሩቅ አይደለሽም። በረዶው ራሱ ጋዝ አይደለም፣ አየር ላይ ያለው እርጥበት ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ነው ሚረጋው። እንደውም ልብ ብለሽ ካየሽ ላቡ አንድ መስመር ላይ ያቆማል፣ የፈሳሹ ከፍታ እዛ ድረስ ነው። ከሬጉሌተሩ ወይም ከጎማው ላይ በረዶ ካየሽ ግን ፈሳሽ እያለፈ ሊሆን ስለሚችል ዝጊና ባለሙያ ጥሪ።

ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ አብሮ ይወርዳል። ቡታጋዝ ብዙ ጊዜ የሁለት ጋዞች፣ የቡቴንና የፕሮፔን ድብልቅ ነው። ቡቴን ባህር ጠለል ላይ ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ሲል መፍላቱን ያቆማል፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያነሰ ነውና ከዜሮ በታች 7 አካባቢ ድረስ ይፈላል፣ ትንሽ ይጠቅመናል ግን ብዙም አያድንም ምክንያቱም ወደዛ ሲጠጋ ሬጉሌተሩን ሚገፋው ግፊት ምንም አይቀረውም። ፕሮፔን ግን እስከ 42 ከዜሮ በታች ድረስ ስለሚፈላ ብርድ አይበግረውም። ችግሩ ሁለቱ ሲደባለቁ ቀድሞ ሚወጣው በብዛት ፕሮፔኑ ነው፣ መጨረሻ ላይ ሚተርፍልሽ ሰነፉ ቡቴን ነው። አዲስ ሲሊንደር ጀግና ሆኖ ግማሽ ላይ ሚልፈሰፈሰው በዚህም ጭምር ነው።

አከፋፋዩ ሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የበያጆች ኦክስጅን ሲሊንደር ውስጥ ጋዝ ብቻ ስለሆነ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 150 ባር ከነበረበት 75 ካለ ግማሹ አልቋል። ቡታጋዝ ላይ ይሄ አይሰራም፣ ሙቀቱና የሁለቱ ጋዞች ድብልቅ እስካልተቀየረ ድረስ ሙሉም ይሁን ጠርሙስ የማይሞላ ፈሳሽ ይቅረው ግፊቱ ያው በጣም ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ የእሳቱን ድካም አይተሽ አልቋል ማለት አትችዪም፣ ብር የከፈልሽበትን ጋዝ ይዘሽ ነው ምትመልሽው። እውነቱን ሚናገረው ሚዛን ብቻ ነው። ሲሊንደሩ አንገት አካባቢ ባዶ ክብደቱ ተመትቷል፣ 14.2 ካለና ሚዛኑ 18.5 ካሳየሽ 4.3 ኪሎ ጋዝ አለሽ።

መፍትሄው ሁለት ሲሊንደር ባንድ ላይ ማገናኘት ነው፣ እያንዳንዱ ግማሹን ብቻ ስለሚሰጥ ቅዝቃዜውም ይከፈላል። ማገናኛውን ሚያውቅ ሰው ይስራልሽ፣ ሲጨርስ መገጣጠሚያውን ሁሉ በሳሙና አረፋ ይፈትሽ፣ ደግሞ ይሄ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወለል ላይ ነው ሚተኛው፣ አየር ማስወጫው ከታች ይሁን፣ መስኮት መክፈት ብቻ አይበቃም። ሁለተኛ ሲሊንደር ለጊዜው ካልተቻለ ትልቁንና ትንሹን ምድጃ ባንዴ አታንጂ፣ ሲሊንደሩንም ቁምሳጥን ውስጥ አትዝጊበት፣ አየር ይንካው። ብርድ ልብስ ምናምን ሚያለብሱት አሉ፣ እሱ ሙቀት ስለማያመነጭ ከውጭ ሚገባውን ሙቀት ነው ሚከለክለው፣ ይባስ ይቀዘቅዛል! እጅሽን ማያቃጥል ለብ ያለ ውሃ ጎኑ ላይ ማፍሰስ ችግር የለውም። የፈላ ውሃና የከሰል ምድጃ ግን በፍጹም፣ ፈሳሹ ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲሞላ እስከ አፉ ሳይሆን 80 ወይም 85 ከመቶ ላይ ሚቆመውም ለሱ ማበጫ ቦታ ለመተው ነው።

ለማንኛውም ነገ ጠዋት እሳቱ ሲደክም አጥፊና ዝጊው፣ ከዛ ሚዛን ላይ አውጪውና አንገቱ ላይ የተመታውን ቁጥርና ሚዛኑ ያሳየሽን ላኪልኝ፣ የምድጃዎቹን ብዛትም ጨምሪበት፣ ሁለት ሲሊንደር ይበቃሽ እንደሆነ ከዛ እነግርሻለሁ።