ስለ ኤቭሊን ዎ ጠይቁኝ (ጥያቄና መልስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ስለ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዎ (1903–1966) የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። ሁለት ነገር ይያዝልኝ። ሰውየው ወንድ ነው። ደግሞም ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን እንደ ታሪክ ማስረጃ እንዳትጠቅሱብኝ። በሉ ጀምሩ።

ጣና፦ ጋሼ፣ እውነት አገራችን መጥቷል?

መልስ፦ ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ በ1930 ለጃንሆይ የንግሥ በዓል፣ ጋዜጠኛ ሆኖ። ካቶሊክ ከሆነ ወር ከምናምን ቢሆነው ነው። ሁለተኛው በ1935 ነው፤ ለእንግሊዙ ጋዜጣ ለ«ዴይሊ ሜይል» የጣሊያንን ጦርነት ሊዘግብ። ሦስተኛው በ1936፣ ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ።

እኔን የሚገርመኝ ደብረ ሊባኖስ የሄደው ነገር ነው። ቅዳሴው ከመጋረጃ ጀርባ ሲሆንበት ግራ ገባው። ሁሉም የሚያየው የምዕራባውያን መንበር ትልቅ ነገር መሆኑ የታየኝ እዚያ ነው ብሎ ጻፈ። ይኸው ሰው በ1960ዎቹ ቫቲካን ቅዳሴውን ከላቲን ወደየሕዝቡ ቋንቋ ስትመልሰው እስኪሞት ድረስ ተንገበገበ። ምሥጢር የሚጥመው የራሱ ሲሆን ነው ማለት ነው።

ከዚያ ሐረር ሄዶ ሞንሴኞር ዣሮሶን አገኘ። ተፈሪን በልጅነታቸው ያስተማሩት ጳጳስ ናቸው። ሐረር ኖሮ ስለነበረው ፈረንሳዊ ገጣሚ ራምቦ ጠየቃቸው። እሳቸውም ጺም ያለው፣ እግሩን የሚያመው፣ ኮስታራ ሰው ነበር አሉት። ስለ ግጥሙ አንድም ቃል የለም። ቤቱም ፈርሷል አሉት።

የጀጎል ልጅ፦ ኧረ ቤቱ አለ! ሐረር ብትመጣ አሳይሃለሁ።

ቀበና፦ ያ የህንድ ነጋዴ ቤት ነው ወንድሜ። ራምቦ ከሞተ በኋላ ነው የተሠራው።

የጀጎል ልጅ፦ አንተ ከቀበና ሆነህ ነው ስለ ሐረር የምትነግረኝ?

መልስ፦ የራምቦን ቤት ሌላ ቀን። ቀጥሉ።

ሸገር፦ ደራሲዋ ባል ነበራት?

መልስ፦ ወንድ ነው አልኩ እኮ! ለነገሩ ብቻህን አይደለህም፤ «ታይም» መጽሔትም በ2016 ከሴት ደራስያን ተርታ አሰልፎታል። የመጀመሪያ ሚስቱም ስሟ ኤቭሊን ነበር። ጓደኞቻቸው «ወንዱ ኤቭሊን» እና «ሴቷ ኤቭሊን» ይሏቸው ነበር። በ1928 ተጋቡ፣ በዓመቱ ጥላው ሄደች።

መጽሐፍ ወዳድ፦ ስለ ሥራዎቹ ቢያብራሩልን?

መልስ፦ የትኛውን? እንዲህ ከተጠየቅኩ እስከ ነገ አልጨርስም።

አዲሱ አባል፦ ንክ ነበር ይባላል።

መልስ፦ ክፉ ቀልደኛ ነበር ብንል ይሻላል። በስተርጅና ትልቅ የጆሮ ቀንድ (ጆሮ ላይ ተደግኖ ለመስማት የሚረዳ) ይዞ ይዞር ነበር። የማይወደው ሰው ንግግር ሲጀምር ቀንዱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። አለቀ፣ አይሰማም። ሙዝ የበላበትን ታሪክ ደግሞ ልጁ ኦበሮን ነው የጻፈው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሙዝ ብርቅ ሆኖ ሳለ መንግሥት ለየልጁ አንድ አንድ አደለ። እናትየው ሦስት ይዛ መጣች። አባት ሆዬ ሦስቱንም ልጦ፣ ክሬም አፍስሶበት፣ በራሽን የሚገኘውን ስኳር ነስንሶበት፣ ልጆቹ ዓይናቸው እያየ ጥርግ አደረገው።

በ1954 ወደ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ሲጓዝ መርከብ ላይ የሚሰድቡት ድምፆች ይሰማው ጀመር። እብደት አልነበረም። ለእንቅልፍ የሚወስደው መድኃኒት መርዞት ነው። ሲቀየርለት ድምፆቹ ጠፉ። እሱም ልብወለድ አደረገው።

ጣና፦ «ስኩፕ» በሚለው ልብወለዱ ላይ ያለችው እሽማኤሊያ የምትባል አገር እኛ ነን አይደል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። አገሯን ከእኛ ነው የቀዳት፣ አዎ። የሚሳለቀው ግን በዋናነት በጋዜጠኞቹ ነው። በ1935 አዲስ አበባ በፈረንጅ ጋዜጠኛ ተጥለቅልቃ ነበር። ጦር ግንባር የሚያደርሳቸው አጡና ሆቴል ቁጭ ብለው ወሬ ይፈበርኩ ጀመር። አንዱ ገና የ22 ዓመቱ ቢል ዲድስ ነው። ሩብ ቶን ጓዝ ጭኖ መጣ። የልብወለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ጓዝም ከዚያ የተወሰደ ነው።

አንዱን እውነተኛ ገጠመኝ ልንገራችሁ። ዓድዋ ላይ ሆስፒታል ተደብድቦ አንዲት አሜሪካዊት ነርስ ሞተች ተባለ። ለንደን ያሉት አለቆች የነርሷን ስም፣ የሕይወት ታሪክና ፎቶ ባስቸኳይ አሉ። ዎ ከተማውን ቢያስስ እንዲህ የምትባል ነርስ የለችም። ነርሷ አልፈነዳችም የሚል አጭር ቴሌግራም ላከላቸው። «ስኩፕ»ን በዚህ ዓይን አንብቡት። እንደ ታሪክ ግን አይሆንም፤ ሁለተኛ መናገሬ ነው።

እንጦጦ፦ ጥሩ ነው። ግን ጣሊያንን የደገፈ ሰው መጽሐፍ ምን ያደርግልናል?

ቀበና፦ የጠላትህን ጽሑፍ ካላነበብክ ምን እንዳሰበ በምን ታውቃለህ?

እንጦጦ፦ ምን እንዳሰበማ አያቶቼ በመርዝ ጋዙ አውቀውታል።

ቀበና፦ አንብብ እንጂ ውደድ ማን አለህ?

መልስ፦ እንጦጦ ልክ ነው፣ እኔም አልከላከልለትም። በ1936 ያወጣው «ዎ ኢን አቢሲኒያ» ወረራውን የሚደግፍ መጽሐፍ ነው። ሮዝ ማኮሌ የተባለችው ደራሲ እንኳ የፋሺስት ቅስቀሳ ብላዋለች። ግራዚያኒን አዲስ አበባ ላይ አግኝቶ በደግ ቃል ጽፎለታል። መጽሐፉ ከወጣ ዓመት ሳይሞላ፣ በግንቦት 1937፣ ደብረ ሊባኖስ የተጨፈጨፈው በዚሁ በግራዚያኒ ትእዛዝ ነው። ዎን በእንግድነት የተቀበለው ገዳም ማለት ነው። እኔ አንብቡ የምለው ይህን ይዛችሁ ነው።

ሸገር፦ አሁን በሕይወት አለች?

መልስ፦ 1966፣ የፋሲካ ዕለት። ላይ አለ፣ አንብብ።

አዲሱ አባል፦ ከየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ «ስኩፕ»። ካልሳቅህ ዎ ላንተ አይደለም፣ ጊዜህን አታጥፋ። ከሳቅህ «ኤ ሃንድፉል ኦፍ ደስት»ን ቀጥል፤ እሱ ላይ ሳቁ ቀስ በቀስ ያልቅብሃል። «ብላክ ሚስቺፍ»ን አቆየው። እዚያ ውስጥ ያለችው አዛኒያ የምትባል ደሴት ከእኛ ንግሥ በዓል ብትቀዳም ኢትዮጵያ አይደለችም። ሦስተኛ መናገሬ ነው።

መጽሐፍ ወዳድ፦ ፒዲኤፍ ካለዎት በውስጥ መስመር ይላኩልኝ።

መልስ፦ የለኝም። ቢኖረኝም አልልክም።