ቪዲዮው ቀላል ነው፤ ድርሰቱ ነው ጉዱ

ስለ ኦንላይን የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ኮርስ የጻፋችሁልን በዝታችኋል፤ አብዛኞቻችሁ ደግሞ ከወደ ሰሜን ሸዋ ናችሁ። ስለዚህ የዚህን እትም ገጽ ለእናንተ ሰጥተነዋል። ስም አናወጣም፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ ተመርቄ ውጭ አገር ማስተርስ ለመማር ስኮላርሺፕ እየፈለግኩ ነው። ጓደኞቼ "በኮሌጅ ደረጃ ያለ የአካዳሚክ ራይቲንግ ኮርስ ኦንላይን ውሰድ" ይሉኛል። ነገሩ እንዴት ነው የሚሠራው? ቪዲዮ አይቶ ሰርተፍኬት መቀበል ብቻ ነው? ድርሰቴንስ ማን ያርመዋል?
(ተመራቂው፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። ሰው ሁሉ "ኦንላይን ኮርስ" እያለ አንድ ላይ ይጨፈልቃቸዋል።

አንደኛው ለማንም ክፍት የሆነው ነው። ኮርሴራና ኢዲኤክስ የሚባሉት፣ ሁለቱም በ2012 (በፈረንጆቹ) የተጀመሩት፣ የዩኒቨርሲቲዎችን ኮርስ ሰብስበው የሚያቀርቡ ናቸው። ለምሳሌ በኧርቫይን ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኮርሴራ ላይ ለአካዳሚክ ጽሕፈት ብቻ ያዘጋጀው ተከታታይ ኮርስ አለ። ከሰዋስውና ከሥርዓተ ነጥብ ይነሳል፣ ወደ ድርሰት ያልፋል፣ መጨረሻ ላይ የጥናት ወረቀት ያስጽፍሃል። መግቢያ ፈተና የለውም። ቪዲዮው አጫጭር ነው፤ ኪዊዙን ኮምፒውተር ያርመዋል። ድርሰትህን ግን ብዙ ጊዜ የሚያርሙት እንዳንተው ተማሪ የሆኑ ሰዎች ናቸው። አንዱ ብራዚል፣ ሌላው ቬትናም ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። መመዘኛ ሰንጠረዥ ይሰጣቸዋል፦ ዋናው ሐሳብ ግልጽ ነው ወይ? አንቀጹ ማስረጃ አለው ወይ? ምንጩ ተጠቅሷል ወይ? አንተም በተራህ የሌሎችን ታርማለህ። ብዙ ጊዜ ሦስት ሰው ካላረምክ የራስህን ውጤት አያሳይህም። ይህን ሥራ እንደ ቅጣት አትየው። የሰው ድርሰት ላይ ቀዳዳውን ስታይ የራስህም ይታይሃል።

ሁለተኛው ዋናው የኮሌጅ ኮርስ ነው። ትመዘገባለህ፣ ትከፍላለህ፣ ክሬዲት ይያዝልሃል፣ ስምህን የሚያውቅ አስተማሪ አለህ። አሜሪካ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚወስደው የጽሕፈት ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ 3 ክሬዲት ነው። ኦንላይን ሲሰጥ በሳምንት በሳምንት ይከፈታል። ንባቡን ታነባለህ፤ ሳምንቱ ሲጋመስ የውይይት ጽሑፍ ትለጥፋለህ፤ እሁድ ሳያልቅ የክፍል ጓደኞችህ ለጻፉት መልስ ትሰጣለህ። "እስማማለሁ፣ ጥሩ ብለሃል" የሚል መልስ ነጥብ የለውም። ድርሰቱም በአንድ ቁጭታ አያልቅም። መጀመሪያ የሐሳብ መነሻ፣ ቀጥሎ ረቂቅ፣ ከዚያ አስተያየት፣ ከዚያ የታረመው ረቂቅ፣ መጨረሻ ላይ ያለቀለት ድርሰት ይመጣል፤ ለየደረጃው ነጥብ ተመድቧል። እዚህ እንደለመድነው ማስረከቢያው ሊደርስ ሲል ሌሊቱን ቡና እየጠጡ መጨረስ አያዋጣም፤ ረቂቅ ያላስገባ ነጥቡ ቀልጦ ይቀራል።

ሰዓቱንም አስላው። የአሜሪካው ስሌት ለአንድ ክሬዲት በሳምንት 1 ሰዓት ትምህርትና 2 ሰዓት የግል ሥራ ነው። ስለዚህ 3 ክሬዲት ማለት በሳምንት ወደ 9 ሰዓት ነው። 16 ሳምንት የሚፈጀውን በ8 ሳምንት ጠቅጥቀው የሚሰጡ አሉ፤ እዚያ እጥፍ ይሆናል። ባንክ ቤት ተቀጥረህ ከሆነ እሱን አትንካው።

እኔ ብሆን በክፍቱ ነበር የምጀምረው። አንድ ነገር ግን ልብ በል፤ ሰርተፍኬቱ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናዎቹን፣ የአይኤልትስን ወይም የቶፍልን፣ ቦታ አይተካም። አይኤልትስ አካዳሚክ ላይ በ60 ደቂቃ ሁለት ጽሑፍ ትጽፋለህ፣ አንዱ ቢያንስ 150 ሌላው ቢያንስ 250 ቃል። ኮርሱን በወጉ የጨረሰ ሰው እዚያ ወረቀቱ ላይ አፍጥጦ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ኮርሴራ ላይ በጀመርኩት የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ኮርስ የመጀመሪያ ድርሰቴን አስገብቼ ሦስት ሰው አረመኝ። አንዱ "ግሩም" ብሎ አለፈ። ሁለተኛው "ሰዋስውህ ጥሩ ነው፤ ግን ምን ለማለት እንደፈለግክ እስከ ሦስተኛው አንቀጽ አልገባኝም" አለ። ሦስተኛው "ከምንጩ ጋር በጣም ይመሳሰላል" ብሎ ነጥብ ቀነሰብኝ። ምንጩን ጠቅሻለሁ እኮ! ለመሆኑ ተማሪ ተማሪን እንዴት ያርማል? አቤት የምልበት አለ? ድርሰቱን አያይዤዋለሁ፤ እናንተ ፍረዱ።
(መምህሩ፣ ከመሃል ሜዳ)

መልስ፦ መምህር፣ ድርሰትዎን አነበብነው። ስለ መንዝ ገብስ መጻፍዎ ደስ ብሎናል፤ እንግሊዝኛዎም ያማረ ነው። ፍርዱ ግን ላይጥምዎት ይችላል። የበደለዎት "ግሩም" ያለው ሰው ነው። የራሱን ውጤት ለማየት ቸኩሎ ይሆናል፣ ሳያነብ አለፈዎት። ሁለቱ ግን ውለታ ነው የዋሉልዎ።

መግቢያዎን እንየው። "ግብርና ከጥንት ጀምሮ ለሰው ልጅ ትልቅ ሚና ሲጫወት ቆይቷል" ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ አፍሪካ፣ ከአፍሪካ ኢትዮጵያ፣ ከኢትዮጵያ ደጋው፣ ደጋው ሲያልቅ መንዝ። እንግዲህ እኛ ደብዳቤ ስንጽፍ ጤና ጠይቀን፣ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ አውርተን፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን ብለን ነው ወደ ጉዳያችን የምንገባው። ዘሎ ጉዳይ መናገር ያስነውራል። የአካዳሚክ እንግሊዝኛ አንባቢ ግን ሰላምታውን አይጠብቅም። ጉዳዩን መግቢያው ላይ፣ ብዙ ጊዜ በመግቢያው መጨረሻ ዓረፍተ ነገር፣ ካላገኘው ጸሐፊው ራሱ ጉዳዩን አያውቀውም ብሎ ያስባል።

ደግሞ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ያገኘነው ጉዳይ ራሱ ይኸውልዎ፦ "የገብስ እርሻ ጥቅምም ችግርም አለው።" ይህን ማን ይቃወማል? ማንም። ኮርሱ ቲሲስ ስቴትመንት የሚለው አንድ አስተዋይ ሰው ተነስቶ "እኔ አይመስለኝም" ሊልዎት የሚችለውን ሐሳብ ነው። ለምሳሌ "በመንዝ የገብስ ምርት እንዲያድግ ከማዳበሪያ በፊት ለተሻሻለ ዘር ቅድሚያ መሰጠት አለበት" ቢሉ፣ የማዳበሪያው ወገን ወዲያው ይነሳብዎታል። ጎሽ! ያኔ ነው ማስረጃ የሚያስፈልገው። አንዱ አንቀጽ ስለ ዘር፣ አንዱ ስለ ዋጋ፣ አንዱ ደግሞ የተቃዋሚውን ሐሳብ አንስቶ መልስ የሚሰጥ ይሆናል። ቀሪው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ይህን ሐሳብ ካልደገፈ ይውጣ፤ ስለ አፍሪካ ያለውም ጭምር።

ወደ ሦስተኛው አራሚ እንምጣ። ምንጩ ወደ አማርኛ ሲመለስ "ገብስ ብርድን ስለሚቋቋም በደጋ ለሚኖረው ገበሬ የምግብ ዋስትና ነው" ይላል። እርስዎ የጻፉት "ገብስ ቅዝቃዜን መቋቋም ስለሚችል በደጋማ ስፍራ ለሚኖረው አርሶ አደር የምግብ ዋስትና ነው" ይላል። ብርድ ቅዝቃዜ ሆነ፣ ገበሬ አርሶ አደር ሆነ፤ አጥንቱ ግን ያው ነው። ይህ እዚያ ፕሌጃሪዝም፣ የሰው ጽሑፍ መስረቅ፣ ይባላል፣ የጸሐፊው ስም ከጎኑ ቢኖርም። ስሙን ሲጠቅሱ ሐሳቡ የእሱ መሆኑን ተናገሩ፤ አነጋገሩም የእሱ መሆኑን ግን አልተናገሩም። ወይ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እንዳለ ያስቀምጡት፣ ወይ በራስዎ አፍ ይናገሩት። መላው ቀላል ነው። ምንጩን ያንብቡ፣ ይክደኑት፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ላገኙት ባልደረባ በአማርኛ ያጫውቱት፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ይጻፉት። "የደጋው ሰው ሌላው እህል ብርዱን ባይችል እንኳ የሚበላው አያጣም፣ ገብስ አለውና" የሚል ዓይነት ነገር ይወጣዎታል። ያኔ የጸሐፊውን ስምና ዓመተ ምሕረት ከጎኑ ያኑሩ።

አጠቃቀሱ እንደ ኮርሱ ነው፤ የታወቁት የምንጭ አጠቃቀስ ደንቦች ኤፒኤና ኤምኤልኤ ይባላሉ። ኤፒኤ ከሆነ 7ኛው እትም (2019)፣ ኤምኤልኤ ከሆነ 9ኛው (2021)፤ ቀኖቹ የፈረንጅ ናቸው። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የጽሕፈት ገጽ፣ አውል የሚሉት፣ ሁለቱንም በነጻ በምሳሌ ያስረዳል። እዚያ ያላገኙት ነገር ካለ ያስገርመኛል።

አቤቱታውን ይተዉት። አስተካክለው እንደገና ያስገቡ፤ ኮርሴራ ላይ ይፈቀዳል፣ ከአቤቱታውም ይፈጥናል።

ጥያቄ፦ የምትጽፍልኝ ታናሿ ናት። ትልቋ ልጄ እንግሊዝኛ ጽሕፈት እማራለሁ ብላ ሌሊት ሌሊት ኮምፒውተር ላይ ተጥዳ ታድራለች። "ማስረከቢያው እኩለ ሌሊት ነው" ትለኛለች። ደግሞ በዶላር ነው የሚከፈለው ሲሉ ሰማሁ። ልጄን እያታለሏት ይሆን?
(እናት፣ ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ እማማ፣ አይዞዎት፣ አላታለሏትም። ግን እኩለ ሌሊት የተባለው የማን እኩለ ሌሊት እንደሆነ ትጠይቅ። ኮርሱ የካሊፎርኒያ ከሆነና ማስረከቢያው የዚያው አገር እሁድ እኩለ ሌሊት ከሆነ፣ እኛ ዘንድ ሰኞ ጠዋት ነው፤ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ድረስ 4 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ 5 ሰዓት። ተኝታ፣ ቁርሷን በልታ ትደርሳለች። አንዳንዱ ገጽ ደግሞ ሰዓቱን ወደ እኛ አገር ለውጦ ያሳያል፤ እሱንም ታጣራ። የእነሱ 12 ደግሞ የእኛ 12 አይደለም፣ በዚህ ስንት ልጅ ተሸውዷል!

ሌሊት የምትነሳው ኔትወርኩ ያን ጊዜ ስለሚሻል ከሆነ፣ የኮርሴራ መተግበሪያ ቪዲዮውን ስልክ ላይ አውርዶ ያስቀምጣል። ሌሊት አውርዳ ትተኛ፣ ቀን ያለ ኢንተርኔት ትመልከት።

ክፍያው እውነት ነው፣ በዶላር ነው። ሆኖም ኮርሴራ ላይ አቅም ለሌለው የክፍያ እርዳታ አለ። ማመልከቻ ትሞላለች። መልሱ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ትሙላው፣ ነገ አትበል።

ጥያቄ፦ ድርሰቱን ቻትጂፒቲ ቢጽፍልኝ ማን ያውቃል?
(ከአረርቲ)

መልስ፦ ወዳጄ፣ ምናልባት ማንም አያውቅም። ካወቁ ግን ዜሮ ነው፤ ክሬዲት ያለው ኮርስ ላይ ደግሞ ከዚያም የባሰ ይመጣል። ይልቅ ግራ የሚገባኝ ሌላ ነው፦ አይኤልትስ መፈተኛ ክፍል ስትገባ ስልክህን ውጭ ያስቀምጡታል፤ ያኔ ማን ሊጽፍልህ ነው? የኮርሱ ደንብ ከፈቀደ ራስህ ከጻፍክ በኋላ "አንባቢ የሚደናገረው የቱ ጋ ነው?" ብለህ ቻትጂፒቲን ጠይቀው። እርማቱን ግን አንተው ሥራው።

ጥያቄ፦ ሲመዘገቡ ላስት ኔም ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የአባቴን ነው ወይስ የአያቴን የምሞላው? ድርሰት ውስጥስ ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ስጠቅስ?
(ከዓለም ከተማ)

መልስ፦ ፓስፖርትህ ወይም ፋይዳህ ላይ እንዳለው ሙላ፣ ፊደሉም ሳይቀር። ሰርተፍኬቱ ላይ አንድ፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ አጻጻፍ ካለ በኋላ ጣጣ ነው። ብዙ ሰው ላስት ኔም የሚለው ላይ የአባቱን ስም ያስገባል። የአያት ስም ከተጨመረ ግን ሁሉም ሰነድ ላይ ይጨመር።

ለመጥቀሱ፣ እዚህ አገር የሚታተሙ ብዙ ጆርናሎች ኢትዮጵያዊን በራሱ ስም ይጠሩታል። ሪፈረንስ የሚሠራልህ ሶፍትዌር ግን ዝም ብሎ የመጨረሻውን ስም ያስቀድምና አባትየውን ጸሐፊ ያደርገዋል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ያወጣውን ዝርዝር በእጅህ እየው፤ አስተማሪ ያለው ኮርስ ከሆነ አንድ መልእክት ጽፈህ የትኛውን እንደሚቀበል ጠይቀውና እስከ መጨረሻው በዚያው ሂድ።