ቃለ ጉባኤው ውስጥ ያልገባው ሽምብራ

ባለፈው ሰሞን አንዲት የከተማ ፕላን ተማሪ «ጋሼ፣ ሕዝቡ አስተያየት ቢሰጥስ ምን ይለወጣል? ፕላኑ እንደሆነ አልቆ ነው የሚመጣው» አለችኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኳት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ግንቦት 2001 ነው። ቦታው የአዲስ አበባ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የሞላበት፣ ያኔ እርሻ የነበረ ሜዳ። ድንኳን ተተከለ፣ ለስላሳ ቀረበ። ፕላኑን ዘርግተን ንፋሱ እንዳይወስደው አራት ድንጋይ ጫንበት። እኔ ቀለሞቹን አስረዳሁ። ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ አረንጓዴው መናፈሻ። ገበሬዎቹ ድንጋዮቹን ነበር የሚያዩት መሰለኝ።

አንዲት እናት ተነሡ። በኦሮምኛ ብዙ ተናገሩ። በዱላቸው መሬት ላይ መስመር እያሰመሩ ነበር። አስተርጓሚው «ልማቱን ይደግፋሉ፣ ካሳው ቶሎ ይከፈል ይላሉ» ብሎ ቁጭ አለ።

ያደግሁት ቢሾፍቱ ነው፤ ኦሮምኛ እሰማለሁ። ሴትዮዋ ስለ ካሳ ትንፍሽ አላሉም። ያሉት እንዲህ ነው፦ «እዚህ ጎድጓዳው ላይ ጤፍ አንዘራም። ክረምቱን ሙሉ ውሃ ይተኛበታል። መስከረም ላይ ሲጎድል ሽምብራ ነው የምንዘራው። ቤት ከሠራችሁ እዚያ ማዶ ሥሩ።»

ዝም አልኩ። ፈርቼ ነው ብል ደስ ባለኝ። መኪናው ይጠብቃል፣ ምሳ ሰዓት አልፏል፣ በቃ ሰነፍኩ። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩትም እኔ ነኝ። «ተሳታፊዎቹ ረቂቅ ፕላኑን በሙሉ ድምፅ ደግፈዋል» ብዬ ጻፍኩ።

መሬቱ ኮትቻ ነው። ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም ነበር።

ከዓመታት በኋላ ነሐሴ ላይ ለለቅሶ እዚያው ሰፈር ሄድኩ። ሕንፃዎቹ ባለ አራት ፎቅ ናቸው፣ ሊፍት የላቸውም። ስለዚህ በዕጣው ምድር ቤቱ ለአካል ጉዳተኞች ይሰጣል። መልካም ሐሳብ ነው። አንድ በዊልቸር የሚሄድ ሰው በራፉ ላይ ሦስት ረድፍ ብሎኬት አስደርድሯል፤ ውሃው እንዳይገባበት። ብሎኬቱ ውሃውን ያስቀራል። ሰውየውንም ያስቀረዋል። ለመውጣት ሁለት ጎረቤት መጥራት አለበት። «ክረምቱን ብቻ ነው» አለኝ፣ እኔን ሊያጽናና።

ሕጉማ አለ። በ2000 የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ሕዝብ ይሳተፍ ይላል። ካሳውም ቢሆን በ1997ቱ አዋጅ በ10 ዓመት ገቢ ይሰላ ነበር፣ የ2011ዱ አዋጅ 1161 ወደ 15 አሳደገው። ያቺ እናት የፈለጉት ግን ሰሚ ነበር። ስንቱ እንደሳቸው ሳይሰማ ቀርቷል! በ2006 ይፋ የሆነው የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን የተሰረዘው ጥር 2008 ነው፣ ያውም ስንት ተቃውሞ ተነሥቶ፣ የሰው ሕይወት ጠፍቶ። ልጄ፣ «ምን ይለወጣል» ላልሽው አንዱ መልስ ይሄ ነው።

እናንተ የዛሬ ልጆች ፎቁን በላፕቶፕ ታሽከረክሩታላችሁ፣ ዛፉን በአንድ ጠቅታ ታበቅላላችሁ። ጫማችሁ ግን ጭቃ አይነካም። ቦታውን በነሐሴ እዩት። አስተርጓሚ ከሰፈሩ ሹም አትቀበሉ፣ ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ቃለ ጉባኤውን ሰው ሳይበተን፣ በተናገሩበት ቋንቋ አንብቡላቸው። ስብሰባ አትቅሩ። እኔ ራሴ የሰፈሬ ስብሰባ ከሄድኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ጉልበቴን አመካኛለሁ። እሱን ተዉት።

የዚያን ቀን ቃለ ጉባኤ ኮፒ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ከስም ዝርዝሩ ታች አካባቢ፣ «በሙሉ ድምፅ» ከሚለው ገጽ ጀርባ፣ የሴትዮዋ የጣት አሻራ አለ። ቀለሙ ወደ ሐምራዊ ሄዷል።