ደም አለ፣ ሕመም የለም

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ፤ ጅቡቲ እመላለሳለሁ። ከሁለት ወር ወዲህ ተጸዳድቼ ስጨርስ ደማቅ ቀይ ደም ጠብ ጠብ ይላል፤ ምንም አያመኝም። አንዳንዴ አንድ ነገር ወጣ ብሎ ራሱ ይመለሳል። ጓደኞቼ «የሞተር ሙቀት ያመጣው ኪንታሮት ነው» ብለው መድኃኒት የሚቀባ ሰው ጠቁመውኛል። ልሂድ?

መልስ፦ አይሂዱ። ምልክቱ ግን በእርግጥ የውስጥ ኪንታሮት ይመስላል።

ፊንጢጣችን ውስጥ ሁላችንም በደም ሥር የተሞሉ ለስላሳ ትራሶች አሉን፤ ጋዝና ፈሳሽ እንዳያመልጥ ይዘጋሉ። ኪንታሮት የምንለው እነዚሁ ሲያብጡና ደግፎ የያዛቸው ሥጋ ላልቶ ወደ ታች ሲንሸራተቱ ነው። የሚያሳብጣቸው ግፊት ነው፦ ማማጥ፣ የሆድ ድርቀት፣ የማያቋርጥ ተቅማጥ፣ እርግዝና። የሞተሩ ሙቀት ንጹሕ ነው። ሹፌር የሚጎዳው መንገድ ላይ ላለመቆም ብሎ ውሃ ስለማይጠጣና ሰገራ ሲመጣበት ስለሚይዝ ነው፤ የተያዘውን ሰገራ ትልቁ አንጀት ውሃውን መጥጦ ያደርቀዋል። ማታ ደግሞ ስልክ ይዞ ሽንት ቤት ግማሽ ሰዓት መቀመጥ አለ።

ሕመም የሌለው ለምንድን ነው? ከፊንጢጣ አፍ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ አንድ መስመር አለ፤ ከሱ በላይ ያለው ሥጋ እንደ ቆዳ ሕመም አይሰማውም። የሚደማው ከዚያ ነው። ደም ብቻ ከሆነ አንደኛ ደረጃ ይባላል፤ እንደ እርስዎ ወጥቶ በራሱ የሚመለሰው ሁለተኛ፣ በጣት የሚገፋው ሦስተኛ፣ አልመለስ ያለው አራተኛ።

ሕክምናው ከምግብ ይጀምራል። በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም አሰር (ሆድ የማይፈጨው የእህልና የአትክልት ክፍል) ያስፈልጋል፤ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር ብቻውን 15 ግራም ያህል አለው። ማታ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ይጠጡ፤ ውሃው ካነሰ ጭራሽ ያደርቃል። ሽንት ቤት ከ5 ደቂቃ በላይ አይቀመጡ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ደሙ ካልቆመ ሐኪም እብጠቱን ከመስመሩ በላይ በትንሽ የጎማ ቀለበት ያስረዋል፤ ደም የተቋረጠበት እብጠት ጠውልጎ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይወድቃል።

የሚቀባው ሰው መድኃኒት ግን መስመርም ቆዳም አይለይም። የሚያቃጥል ነገር ጤነኛውን ሥጋ አብሮ ይበላዋል፣ ጠባሳው ሲድን ቀዳዳው ይጠባል፤ ያን ጊዜ መፍትሔው ቀዶ ጥገና ይሆናል።

ሁለት ወር የቆየ ደም ስለሆነ አሁኑኑ ይመርመሩ፣ የደም ማነስዎም ይታይ። ደሙ ከሰገራው ጋር ከተቀላቀለ ወይም ከጠቆረ፣ ክብደት ከቀነሱ፣ ዕድሜ ከ45 ካለፈ ወይም በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር ካለ «ኪንታሮት ነው» ብሎ መተው አይቻልም፤ አንጀት በካሜራ ይታያል።

ጥያቄ፦ ከወለድኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። ከትናንት ጀምሮ ፊንጢጣዬ አፍ ላይ ባቄላ የሚያህል ሰማያዊ እብጠት ወጥቶ መቀመጥ አቃተኝ።

መልስ፦ ይህ ከእብጠቱ ውስጥ ደም የረጋበት የውጭ ኪንታሮት ሳይሆን አይቀርም። የሚሸፍነው ቆዳ ነውና እንዲህ ያማል። በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ካገኙ በማደንዘዣ ቆርጦ ያወጣዋል፣ ወዲያው ይቀልልዎታል። ካለፈ ሕመሙ በ7 እና በ10 ቀን መካከል በራሱ ይበርዳል። እስከዚያ ሳፋ ውስጥ ለብ ባለ ውሃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይቀመጡ፤ ፓራሲታሞል ለምታጠባ እናት ይሆናል። በመርፌ አይብሱት። የአይረን ክኒን ከወሰዱ ያደርቃል፣ ሰገራም ያጠቁራል፤ በራስዎ ሳያቋርጡ የሚያለሰልስ መድኃኒት ይጠይቁ። ከአራስ ገንፎው ጎንም ጎመንና ውሃ አይጥፋ።

ጥያቄ፦ ስጸዳዳ እንደ ምላጭ ይቆርጠኛል፣ ከዚያ ለሰዓታት ያቃጥለኛል። ይህም ኪንታሮት ነው?

መልስ፦ አይመስልም፤ የፊንጢጣ ስንጥቅ ነው የሚመስለው፣ የሚቀባውም ቅባት የተለየ ነው። ትኩሳት ወይም መግል ከጨመረበት ግን መግል የቋጠረ እብጠት ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ።