የትኛውን ስፖርት ልተው?

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ስቶክሆልም ነው፤ 24 ዓመቴ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣሁት በልጅነቴ ነው። ኪክቦክሲንግ የጀመርኩት ገና ተማሪ ሳለሁ ሲሆን አሁን ጭንን በእርግጫ መምታት በሚፈቀድበት በሎው ኪክ፣ በ60 ኪሎ ምድብ ለስዊድን ብሔራዊ ቡድን እጋጠማለሁ።

ሌላው ፍቅሬ የፍጥነት ስኪ ነው። እንደሌላው ስኪ ወዲያና ወዲህ መታጠፍ የለም። ቁልቁል ቀጥ ብሎ መውረድ ነው። ታች ላይ በ100 ሜትር ውስጥ ፍጥነት ይለካል፣ አለቀ። ልብሱ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ለመልበስ ሁለት ሰው ይጎትትልኛል። አጎንብሼ ስለቀቅ ከነፋሱ ሌላ ምንም አይሰማኝም። እስካሁን በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር አልፌአለሁ።

ችግሬ ይሄ ነው። የኪክቦክሲንግ አሠልጣኜ «ኪሎ ቀንሺ» ይለኛል። የስኪው «ጨምሪ» ይለኛል። ሁለቱም «አንዱን ምረጪ» ይላሉ። እናቴ ደግሞ ሁለቱንም እንድተው ትፈልጋለች። ኅዳር ላይ ስጋጠም መጥታ ነበር። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ፣ አጠገቧ ያለችውን ጎረቤታችንን «አለቀ? ቆማለች?» እያለች ስትጠይቅ ነበር አሉ። ማታ ቤት ስንገባ «ልጄ፣ በድንጋጤ ልትገድይኝ ነው?» አለችኝ። ስኪውን ግን አንድም ቀን አላየችውም።

ሕልሜ አንድ ቀን በስኪ የኢትዮጵያን ባንዲራ ማውለብለብ ነው። የስዊድን ዜግነት አለኝ። የትኛውን ልተው?

ለነገሩ፣ ታኅሣሥ ላይ ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) ስንሠራ ጭንቅላቴን ተመትቼ ጥቂት ቀን አሞኝ ነበር። አሁን ደህና ነኝ፤ ጭንቅላቴን ቶሎ ሳዞር ብቻ ዓይኔ ብዥ ይልብኛል። አሠልጣኜ «ያልፋል» ብሎኛል። ጥር መጨረሻ ላይ እዚሁ ስዊድን፣ ኢድሬ በሚባለው የስኪ ቦታ ለመወዳደር ተመዝግቤአለሁ።

ሁለቱንም የምወድ

ውድ እህቴ፣

«ለነገሩ» ብለሽ ያለፍሽው ነገር ከሁሉም በላይ አስደንግጦኛል። ከእሱ ልጀምር።

አንቺ የጻፍሽልኝ ኮንከሽን፣ ማለትም በምት የሚመጣ የአንጎል መናወጥ ይመስላል። ራስ ምታቱ ቶሎ ሊተው ይችላል፤ ዓይንና የሰውነት ሚዛን ግን እንደ ቀድሞው ተቀናጅተው ለመሥራት ብዙ ጊዜ ሊወስድባቸው ይችላል። ብዥታው ገና ካልተወሽ «ደህና ነኝ» ማለት አትችይም። በ150 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በአንድ ሴኮንድ ከ41 ሜትር በላይ ትሄጃለሽ። ዓይንሽ ለአንዲት ሴኮንድ ቢደበዝዝ ያ ሁሉ መሬት ሳታዪው አለፈ ማለት ነው። ሪንግ ውስጥም ያው ነው። የመጀመሪያው ምት ሳይድን ሁለተኛ ከተጨመረበት ጉዳቱ እጅግ ይከፋል።

«ያልፋል» የሚለውን መወሰን ያለበት ሐኪም ነው፣ አሠልጣኝ አይደለም። ዛሬውኑ ቀጠሮ ያዢ። ሐኪሞች ከኮንከሽን በኋላ የሚከተሉት መንገድ የታወቀ ነው። መጀመሪያ አንድ ሁለት ቀን ዕረፍት፣ ከዚያ ቀላል እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ምት የሌለበት ልምምድ። ስፓሪንግ የሚፈቀደው ሐኪሙ ከመረመረሽ በኋላ ነው። አንዱ ደረጃ ላይ ሕመሙ ከተመለሰ ወደ ኋላ ትመለሻለሽ። ለሁለቱም አሠልጣኞችሽ እኩል ንገሪ። ስፖርቱ ሁለት ነው፣ ጭንቅላቱ ግን አንድ ነው፤ የስኪው አሠልጣኝ ስለ ስፓሪንጉ ሳያውቅ ወደ ላይ ሊያወጣሽ አይገባም።

የትኛውን ልተው ላልሽው፣ እኔ የምልሽ አንዱንም አትተዪ ነው። የውድድር ጊዜያቸው ብዙም አይጋጭም። በኪክቦክሲንግ የዋኮ (የዓለም አቀፉ የኪክቦክሲንግ ማኅበር) ትላልቅ ሻምፒዮናዎች በቅርብ ዓመታት በፈረንጆቹ ኖቬምበር አካባቢ ነው የሚውሉት፤ የ2022ቱ የአውሮፓ ሻምፒዮና አንታሊያ፣ የ2023ቱ የዓለም ሻምፒዮና አልቡፌራ ላይ ነበር። የፍጥነት ስኪ ደግሞ ከአዲሱ ዓመታቸው በኋላ ጀምሮ እስከ ጸደይ ይዘልቃል። መጸው ለጓንቱ፣ በረዶው ለስኪው ይሁን። ስኪ ላይ ባለሽባቸው ወራት ስፓሪንግ አይኑር፤ ፓድና ከረጢት ይበቃሻል።

እውነተኛው ግጭት ኪሎው ነው። አሠልጣኞችሽ ሁለቱም ከየራሳቸው ወገን ልክ ናቸው። ቁልቁል ቀጥ ብሎ ለሚወርድ ሰው ክብደት ከነፋሱ ጋር ሲታገል ያግዘዋል። ሪንግ ውስጥ ደግሞ ከ60 በላይ ከሆንሽ ምድብሽ አይደለም። ስለዚህ 60ን ተዪው። በሴቶች ቀጣዩ ምድብ 65 ነው፤ እዚያ ግቢ። መጀመሪያ ላይ ጠንከር ያሉ ልጆች ይገጥሙሻል፣ ምናልባትም ትሸነፊያለሽ። ግን ከሚዛን በፊት ውኃ ሳይጠጡ ላብ ማውጣቱ ይቀርልሻል። ሰውነቱን አድርቆ ጭንቅላቱን ለምት የሚሰጥ ሰው ሳይ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። 65 ላይ የተገነባ እግር ለስኪውም ይሆንሻል።

ስለ ባንዲራው እቅጩን ልንገርሽ። ሮቤል ተክለማርያም በፈረንጆቹ 2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ ተወዳድሯል፤ በአገር አቋራጭ ስኪ የመጀመሪያው ነው። ሕልምሽ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን የዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን የምትወዳደሪለትን አገር ፓስፖርት ይጠይቃል። በእኛ አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ትውልደ ኢትዮጵያዊነትን የሚያሳየው ቢጫ ካርድ ፓስፖርት አይሆንልሽም። ዜግነትሽን ለመቀየር ከማሰብሽ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክሪ። የፍጥነት ስኪም ቢሆን በፈረንጆቹ 1992 በአልበርቪል ኦሊምፒክ ላይ ለማሳያ ቀርቦ ከዚያ ወዲህ ወደ ኦሊምፒክ አልተመለሰም።

እናትሽን በተመለከተ፣ ፍርሃቷን «አታውቂውም» ብለሽ አታጣጥዪው። እውነቱን ንገሪያት። በዚያው በ1992 ስዊዘርላንዳዊው ኒኮላ ቦሻቴ በፍጻሜው ዕለት ጠዋት ሞቷል። የሞተው ፍጥነት በሚለካበት መስመር ላይ አልነበረም፤ በረዶ ከሚያስተካክል መኪና ጋር ተጋጭቶ ነው። ይህንንም ንገሪያት። በዚያው ውድድር ፊንላንዳዊቷ ታርያ ሙላሪ በ219 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አሸንፋለች። የወንዶቹን የዓለም ክብረ ወሰን በ2023 ቫር፣ ፈረንሳይ ላይ ሲሞን ቢሊ 255.5 ኪሎ ሜትር አድርሶታል። ማንም አንድ ጊዜ ዘሎ እዚያ አልደረሰም። መነሻው ከታች ይጀምርና ሰው ሲለምድ ወደ ላይ ከፍ ይላል። አንቺም መነሻሽ የት እንደሆነ አሳያት። አሁን ያየችው ሪንጉን ብቻ ስለሆነ ስኪውን ከዚያ አስከፍታ ነው የምትስለው።

ሐኪም ዘንድ ስትሄጂም ብቻሽን አትሂጂ፤ እናትሽን ይዘሻት ግቢ። ምን ያህል ማረፍ እንዳለብሽ ከሐኪሙ አፍ ትስማ፤ ጥያቄ ካላትም እሷው ትጠይቅ። የጥር ወሩን ውድድር ግን የሐኪሙን መልስ ሳትጠብቂ አሁኑኑ ሰርዢ። እስከ ጸደይ ገና ውድድር አለ።