ከዩኮን ድል በኋላ፦ ጥያቄዎቻችሁን አምጡ

ሰላም ቤተሰብ። ዩኮን (የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ) ሰኞ ማታ፣ ኤፕሪል 8 ቀን 2024፣ አሪዞና ግሌንዴል ላይ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲን 75 ለ 60 ረትቶ የአሜሪካን የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ዋንጫውን ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት ወስዷል። ከፍሎሪዳ (2006 እና 2007) ወዲህ ይህን ያደረገ የወንዶች ቡድን አልነበረም። አዲስ አበባ ያላችሁ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታችሁ እንዳያችሁት አውቃለሁ። ዛሬ ልምምድ ስለሌለኝ ጠይቁኝ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ በአንድ ጨዋታ ልጅ አይመዘንም። እነዚህ ገና ወጣቶች ናቸው።

ከዳላስ፦ ኮች፣ የፐርዱ ዛክ ኢዲ 37 ነጥብና 10 ሪባውንድ (ከሳተ ውርወራ የተያዘ ኳስ) አለው። የዩኮኑ ዶኖቫን ክሊንገን 11 ነጥብ ብቻ። ታዲያ ሰው ሁሉ ክሊንገንን የሚያሞግሰው በምኑ ነው? ኢዲ እኮ ተጫወተበት።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። እስቲ ከነጥቡ ወረድ እንበል። ፐርዱ በጠቅላላ 60 አገባ። ከዚያ ውስጥ 37ቱ የኢዲ ከሆነ ለቀሪው ቡድን የተረፈው 23 ነው። ከእነሱ አንዱ ፍሌቸር ሎየር ዜሮ ይዞ ወጣ። አሁን ደግሞ ይህን ተመልከት፦ ፐርዱ ዓመቱን ሙሉ ከሦስት ነጥብ መስመር 40 በመቶ ያገባ ነበር፣ በየጨዋታው 20 ጊዜ ገደማ እየሞከረ። ሰኞ ማታ የሞከረው 7 ጊዜ፣ ያገባው 1 ጊዜ ነው። ሰው የሚቆጥረው የተሳተውን ነው፤ እኔ የምለው ጭራሽ ያልተወረወሩትን ኳሶች ቁጠሩ ነው።

እንዴት ሆነ? ኢዲ ከቅርጫቱ ሥር ኳስ ሲይዝ አብዛኛው ቡድን ይደነግጥና ሁለተኛ ሰው ይልካል። ሁለተኛው ሰው የመጣው ደግሞ ሜዳ ዳር ያለውን ወርዋሪ ትቶ ነው። ኢዲ ኳሷን ያወጣል፣ ከዚያ ሦስት ነጥብ። የዩኮን አሠልጣኝ ዳን ሀርሊ ይህን መንገድ ዘጋው። ክሊንገንን «አንተ ብቻህን ያዘው» ብሎ ተወው፤ የቀሩት አራቱ ከየሰዎቻቸው አልተነቃነቁም።

ጨዋታውን የቀዳችሁ እንደገና እዩት፣ ኳሷን ሳይሆን የክሊንገንን እግር። ደረቱን ኢዲ ጀርባ ላይ አሳርፎ፣ ሁለት እጁን ሰቅሎ፣ ጉልበቱን አጥፎ ይቆማል። ኢዲ ትከሻውን ወደ ግራ ጣል ሲያደርግ አይዘልም። ዋናው ነገር ይህ ነው! ልጅ ሴንተር (ቅርጫቱ ሥር የሚጫወት ረጅም ሰው) በዚያ አብዶ ይነሣና ፋውል ይሰጣል። ክሊንገን ግን ሁለት ነጥብ ይገባበትና ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሌላው ጫፍ ይሮጣል። ባለፈው ዓመት እኮ ይህ ልጅ ከአዳማ ሳኖጎ ኋላ ተቀያሪ ሆኖ በጨዋታ 13 ደቂቃ ገደማ የሚገባ ነበር። ዕድገት የምለው ይህን ነው። በዚሁ ውድድር በኢሊኖይ ጨዋታ 23 እኩል ከነበሩበት ተነሥተው 30 ለ 0 ሲያስኬዱ መሐል ላይ ግንብ ሆኖ የቆመው ይኸው ልጅ ነው።

ከሚኒያፖሊስ፦ ምርጡ ተጫዋች ማን ነበር?

መልስ፦ የዩኮኑ ትሪስተን ኒውተን። 20 ነጥብ፣ 7 አሲስት (ጓደኛን ለማግባት ያበቃ ኳስ)። የውድድሩም ኮከብ ተብሏል።

ከሲያትል፦ ሀርሊ ወደ ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ወሬ አልመልስም። ስለ ጨዋታው ጠይቁ።

ከቶሮንቶ፦ ኢዲ የእኛ ከተማ ልጅ ነው፤ ስለ እሱም ተናገር እንጂ። እዚህ የማገኘው ሰው ሁሉ «ቁመቱ ባይኖር ምንም አልነበረም» ይላል፤ ያበሳጨኛል።

ከዴንቨር፦ ይቅርታ፣ እኔም ከሚሉት አንዱ ነኝ። 2 ሜትር ከ24 የሆነ ሰው ቅርጫት ሥር ቆሞ ቢያገባ ምን ይገርማል?

ከቶሮንቶ፦ ረጅም ሰው ሞልቷል ወንድሜ። ስንቱ ነው ሁለት ዓመት ተከታታይ የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች የተባለው?

መልስ፦ ቶሮንቶ ትክክል ነው። ከ1980ዎቹ ኮከብ ራልፍ ሳምፕሰን ወዲህ ያንን ክብር በተከታታይ ያገኘ የለም። ኢዲ በልጅነቱ የሆኪና የቤዝቦል ተጫዋች ነበር፤ ቅርጫት ኳስ የጀመረው 15 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ፐርዱ ሲገባ ብዙ የፈለገው ሰው አልነበረም። በአራት ዓመት ውስጥ በጨዋታ አማካይ ያገባውን በተራ ልንገራችሁ፦ 8.7፣ 14.4፣ 22.3፣ 25.2። ቁመቱ በመጀመሪያውም ዓመት ነበረ። የተጨመረው እግር፣ ትንፋሽና እጅ ነው። ዴንቨር፣ በ2023 በመጀመሪያው ዙር ኤፍዲዩ የተባለው ባለ 16 ደረጃ (የምድቡ መጨረሻ) ቡድን ፐርዱን 63 ለ 58 ሲጥለው ሁሉም የሳቀው በኢዲ ነው። ያ ልጅ ያንን ውርደት ይዞ ተመልሶ ቡድኑን ለፍጻሜ አደረሰ። ለዚህ ነው በአንድ ጨዋታ ልጅ አይመዘንም የምለው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ዩኮን ያሸነፈው ከሌላ ኮሌጅ ተጫዋች በመውሰድ፣ በግዢ ነው። ኒውተን ከኢስት ካሮላይና፣ ካም ስፔንሰር ከሩትገርስ፤ እሱም ከዚያ በፊት የእኛው የሎዮላ ሜሪላንድ ልጅ ነበር። ትንንሾቹ ትምህርት ቤቶች አሳድገው ትልልቆቹ ይወስዳሉ። ይህ ፍትሕ ነው?

ከሃርትፎርድ፦ ግማሹን ብቻ አታውራ! ክሊንገን የብሪስቶል ልጅ ነው፣ እዚሁ ኮነቲከት ያደገ። ሌሎቹ ተጫዋቾቻችን ካራባን፣ ካስል፣ ሳምሶን ጆንሰንም ሌላ ኮሌጅ አያውቁም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ የምለው ስለ ሎዮላ ነው። የትንሹ ትምህርት ቤት አሠልጣኝ ልፋቱን ማን ይከፍለዋል?

ከሃርትፎርድ፦ ልጁስ ዕድሉን ማን ይከፍለዋል? እስከ መጨረሻው እዚያው ይቅር?

መልስ፦ ሁለታችሁም የምትሉት አላችሁ፤ ግን የዛሬው ጉዳያችን አይደለም። አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ጨዋታው እንመለስ። ስፔንሰር ዓመቱን ከሦስት ነጥብ መስመር 44 በመቶ ያገባው ኳስ ሳይዝ ስለሚሮጥ ነው። ተመልከቱት፣ ቆሞ አታገኙትም። ጓደኛው ስክሪን ሲሠራለት (ተከታዩን በሰውነቱ ሲጋርድለት) ትከሻውን ከጓደኛው ወገብ ጋር እያሻሸ ያልፋል፤ በመካከላቸው ወረቀት አይገባም። ተከታዩ የግድ ይዞራል፤ በዚያች ግማሽ ሰከንድ ኳሷ እጁ ገብታለች። ይህን ማንም አይገዛም።

ከአትላንታ፦ ስክሪን ካነሣህ አይቀር፣ ዓርብ ዕለት ከአይዋ ጋር በነበረው ግማሽ ፍጻሜ የዩኮን ሴቶች ላይ የተነፋውን ፋውል ምን ትላለህ? አሊያ ኤድዋርድስ ምን አጠፋች? ጨዋታው ሊያልቅ አራት ሰከንድ እንኳን አልቀረም ነበር፤ አይዋ የሚመራው በአንድ ነጥብ። ዳኛ በእንዲህ ያለ ሰዓት ይነፋል?

ከዴንቨር፦ ተንቀሳቅሳለች። ፋውል ፋውል ነው፣ ሰዓት የለውም።

ከአትላንታ፦ እንደዚያ ከሆነማ በየደቂቃው ይነፋ ነበር!

መልስ፦ እህቴ፣ ቅር እንዳልሽ ይገባኛል፤ 71 ለ 69 መሸነፍ ያማል። ስክሪን የሚሠራ ሰው ቆሞ መጠበቅ አለበት፤ ክርንና ዳሌ ከወጣ ዳኛው የመንፋት መብት አለው። ከዚህ በላይ አልሄድም። እሑድ ሳውዝ ካሮላይና አይዋን 87 ለ 75 አሸንፎ 38 ለ 0 ጨርሷል፤ ስለ ሴቶቹ ራሱን የቻለ ቀን እንይዛለን።

ከፊኒክስ፦ ስቴፎን ካስል መወርወር አይችልም። ከሦስት ነጥብ መስመር ከ27 በመቶ በታች ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ኤንቢኤ ምን ይሠራል?

መልስ፦ መወርወር ይሻሻላል፤ ተከላካይነት ግን በጠባይ የሚመጣ ነው። ካስል የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው። ከትምህርት ቤቱ ትልቅ ስም ይዞ መጥቶ፣ ኒውተንና ስፔንሰር ኳሷን ሲይዙ እሱ የተቃራኒውን ጠንካራ ሰው ተረክቦ ያሳድዳል። ስንት የ19 ዓመት ልጅ ነው ይህን በደስታ የሚቀበለው? ሲያስፈልግ ደግሞ አላባማ ላይ 21፣ ፐርዱ ላይ 15 አግብቷል። እግሩ ጥሩ ነው፣ ሰውነቱ ጥሩ ነው፣ አይፈራም። ክርኑን ማስተካከል የአሠልጣኝ ሥራ ነው።

ከሚኒያፖሊስ፦ ከኢዲና ከክሊንገን ማን ይበልጣል?

መልስ፦ ለዳላስ የጻፍኩትን አንብብ።

ከለንደን፦ ዩኮን ለምን ይህን ያህል ጠነከረ?

መልስ፦ ጥያቄው ሰፊ ነው። ስለ ማጥቃቱ ነው? ስለ መከላከሉ? ስለ ምልመላው? ለይታችሁ ጠይቁ እንጂ። በዚህ ውድድር ስድስት ጨዋታዎች ከ14 ነጥብ ባነሰ ልዩነት ያሸነፉት አንድም የለም፤ ይህን ቁጥር ይዘህ አንድ ጨዋታ መርጠህ ተመለስ፣ አብረን እናየዋለን።

ከአሌክሳንድሪያ፦ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲስ ቡድን ኮች? እኛ መቼ ነው ደስ የሚለን?

መልስ፦ በዚህ የ2023–24 ዓመት 9 አሸንፎ 23 ተሸንፏል። አሠልጣኝ ኩሊ የመጀመሪያ ዓመቱ ነው። ጊዜ ስጡት። እኔም እንደ እናንተ እየጠበቅሁ ነው።

ከሚኒያፖሊስ፦ እሺ፣ ግን በአንድ ቃል፣ ክሊንገን ወይስ ኢዲ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሦስተኛህ ነው። በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም፤ በአንድ ጨዋታም አይመዘንም። ቀጣይ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዲት እናት፦ ወንድሜ፣ ስለ ኳስ ብዙም አላውቅም፤ ልጄ ነው ያስገደደኝ። 14 ዓመቱ ነው፣ ከአባቱ በልጦ አድጓል። ቡድኑ ውስጥ ግን ብዙ አያስገቡትም፤ «ቀርፋፋ ነህ» ይሉታል። አንዳንዴ አልቅሶ ይመጣል። ይተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ በፍጹም እንዳይተወው። ቁመቱ በአንድ ዓመት ሽቅብ የተመዘዘ ልጅ እግሩ የእሱ አይመስለውም። ደጃፍ ላይ ይደናቀፋል፣ ደረጃ ላይ ይደናቀፋል። ቀርፋፋ አይደለም፤ አዲሱን ሰውነቱን ገና አልለመደውም። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የማሠለጥናቸው ልጆች ውስጥ እንደ እሱ ያሉ ሁልጊዜ አሉ። ኳስ አልሰጣቸውም መጀመሪያ። ወንበር አስቀምጥና ጀርባቸውን ለወንበሩ ሰጥተው፣ በግራ እግራቸው ተተክለው በቀኝ እንዲዞሩ፣ ከዚያ ገልብጠው እንዲደግሙት አደርጋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ወንበሩ ይገለበጣል። ከወር በኋላ እግራቸው ሳይነካው ያልፋል። ኳሷን የምሰጣቸው ያኔ ነው።

ኢዲን አሳዪው። ፐርዱ የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ በጨዋታ 15 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነበር የሚገባው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ያቺው እናት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጁ አጠገቤ ቆሞ እያነበበ ነው። በቀን ስንት ጊዜ ልሥራው ይላል።

መልስ፦ በእያንዳንዱ እግር 50 ጊዜ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ገመድ ይዝለል። ጉልበቱን ካመመው ያቁምና ሐኪም ይየው፤ በእድገት ላይ ያለ ጉልበት አይገፋም። ወንበሩን ግን ከሳሎኑ ያውጣው፣ ዕቃ ይሰብርብሻል።